ማን ይቅደም? ከአንዲት ጡረተኛ ነርስ ለወጣቶች

ሰሞኑን አንዲት የነርሲንግ ተማሪ ጻፈችልኝ። እዚሁ ሜሪላንድ ነው የምትማረው። ከዚህ በፊት ስለ ፈተናና ስለ ሥራ ፈቃድ ትጠይቀኝ ነበር። የአሁኑ ጥያቄዋ ግን ሌላ ነው። «ሲስተር፣ ትራንስጀንደሮቹ ከጌዮቹና ከሌዝቢያኖቹ ጋር ለምን አብረው ይቆጠራሉ? ጉዳያቸው ለየቅል አይደለም እንዴ? ለየብቻ ቢታገሉ አይቀላቸውም ነበር? ደግሞስ እኔ ነርስ ነኝ፤ ምን አገባኝ?»

በአጭሩ ልመልስላት ስልኬን አነሳሁ። አልሆነልኝም። ያቺ የመጨረሻዋ «ምን አገባኝ» የተዳፈነ ነገር ቆሰቆሰችብኝ። ስለዚህ ለእሷም ለእናንተም ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ቃላቱ ለከበዷችሁ፣ ጌይ ወንድን የሚወድ ወንድ፣ ሌዝቢያን ሴትን የምትወድ ሴት፣ ትራንስጀንደር ደግሞ ሲወለድ ከተመዘገበበት ጾታ በተለየ ጾታ የሚኖር ሰው ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ይህን ጉዳይ በአማርኛ ያነሳ ሰው ስድብ እንደማይቀርለት አውቃለሁ። «እርስዎም በእርጅናዎ?» የሚለኝ አይጠፋም። እኔ ረቡዕና ዓርብን የማልገድፍ ሴት ነኝ። ስለ ኃጢአትና ስለ ጽድቅ መጠየቅ የፈለገ የንስሐ አባት አለው። እኔ የማውቀው ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ትንፋሽና ስለ ተራ ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ ድንገተኛ ክፍል፣ ትሪያጅ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ትሪያጅ ምን እንደሆነ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ከበር የገባውን ሰው አይቶ ማን እንደሚቀድም፣ ማን እንደሚቆይ መወሰን ነው። ቀድሞ የመጣ አይቀድምም። ገንዘብ ያለው አይቀድምም። የሚጮኸውም ሁልጊዜ አይቀድምም። የሚጮህ ሰው ቢያንስ ይተነፍሳል። የሚያስፈራው ጥግ ይዞ፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ ላብ ላብ የሚለው ነው። የባሰበት ይቀድማል፤ አለቀ። ይህቺን ሕግ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ 1995 ልውሰዳችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። ኦገስት 7 ቀን ነው። ታይራ ሃንተር የምትባል የ24 ዓመት ፀጉር ሠሪ ሳውዝኢስት ዲሲ ውስጥ በመኪና ትሄዳለች። ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ትራንስጀንደር ናት፤ ሲወልዷት ወንድ ተብላ ተመዝግባ፣ ከጉርምስናዋ ጀምሮ በሴትነት የኖረች። 50ኛውና ሲ ጎዳና የሚገናኙበት ላይ መኪናው ተጋጨ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደረሱ። አንዱ ሊረዳት ልብሷን ሲቀድ ያየውን አየ። እጁን ሰብስቦ ወደ ኋላ አለ። ተሳደበ። መሬት ላይ ሆና ደሟ እየፈሰሰ ሥራ ቆመ፤ ቀልድ ተጀመረ። ዙሪያውን የቆመው ሰው «ኧረ እርዷት!» እያለ ይጮሃል። ዲሲ ጄኔራል ሆስፒታል ስትደርስም የሚገባትን ሕክምና በጊዜ አላገኘችም። እዚያው ሞተች።

እናቷ ማርጂ ሃንተር ከተማዋን ከሰሰች። በዲሴምበር 1998 ጁሪው መንገድ ላይ ለተፈጸመውም፣ ሆስፒታል ውስጥ ለተፈጸመውም ከ2.8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረደላት። በኋላ ከከተማዋ ጋር በ1.75 ሚሊዮን ተስማሙ። ልጇን ግን ማንም አልመለሰላትም።

በዚያ ሰሞን ዲሲ የምንሠራ ነርሶች ምሳችንን ስንበላም ስለ ታይራ ነበር የምናወራው። እኔ በሥራ ዘመኔ የስንቱን ሰው ልብስ በመቀስ ቀድጃለሁ። ከልብስ ስር ያልጠበቃችሁት ነገር መቼም አይጠፋም። ጠባሳ፣ ንቅሳት፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ብር። አንድ ጊዜ ክታብ ያሠረ ጎልማሳ መጣ፤ ፈረንጆቹ ባልደረቦቼ ቦምብ መስሏቸው ሊሸሹ ነበር። ሌላ ጊዜ ወገቡ ላይ የተሸጎጠ ሽጉጥ አገኘሁ። ሽጉጡን ለዘበኛው ሰጠሁና የደም ግፊቱን መለካቴን ቀጠልኩ። ሽጉጥ ያላስቆመው እጅ በሰው ገላ ይቆማል? ይህ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

የኔዋ በሽተኛ የመጣችው ያ ፍርድ ገና ትኩስ እያለ፣ በ1999 ክረምት ነው።

ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ነበር። በረዶ ጥሏል፤ መጠበቂያው ሞልቷል። ጥግ ላይ የኛ ሰዎች ተቀምጠዋል። ታክሲ ነጂዎች ናቸው። ጓደኛቸው ተዘርፎ ጭንቅላቱን ተመቶ አምጥተውታል። አንዱ ሻይ በፔርሙስ ይዞ ነው የመጣው፤ ሐበሻ ሆስፒታል ሲመጣ መቼም ባዶ እጁን አይመጣም። ደግ ልጆች ነበሩ። ይህን የምላችሁ በኋላ የሚመጣውን ስትሰሙ ክፉዎች እንዳይመስሏችሁ ነው። በሌሊት ሥራቸውን ጥለው፣ ገቢያቸውን ትተው፣ ጓደኛቸውን ከበው ያደሩ ሰዎች ናቸው።

እሷ ብቻዋን ገባች። ረዥም ጥቁር ካፖርት ለብሳለች። ሻርፕ ራሷ ላይ ጣል አድርጋለች። ግራ እጇን በማድቤት ፎጣ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። መታወቂያዋን ለመዝጋቢዋ ሰጥታ ሄዳ ከግድግዳው ጥግ ቆመች። መቀመጫ እያለ አልተቀመጠችም።

እኛ ዘንድ በዚያን ጊዜ ደንቡ እንዲህ ነበር። መዝጋቢዋ መታወቂያውን ትቀበላለች፣ ኮምፒዩተር ውስጥ ታስገባለች፣ ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስም ትጠራለች። የተጠራው ወደ እኔ ይመጣል። መዝጋቢዋ ተነሥታ ጠራች። ሙሉ ስም። የወንድ ስም፤ ከነአባት፣ ከነአያት። የሐበሻ ስም ለፈረንጅ ምላስ ስለሚከብድ አንዴ ጠርታ አላበቃችም። እየሰባበረች ደጋገመችው።

ታክሲ ነጂዎቹ ቀና አሉ። የአገራቸውን ልጅ ስም ሰምተው፣ ማን ይሆን ብለው፣ በጉጉት ነው ያዩት። ከግድግዳው ጥግ እሷ ተነሣች። «እንዴ!» አለ አንዱ። ከዚያ ዝም አሉ። ከዚያ ሳቅ መጣ፤ በእጅ የታፈነ ሳቅ።

እኔ ጠረጴዛ ጋ ስትደርስ ዓይኗን አላነሣችም። ፎጣውን ፈታሁት። ደሙን ጠጥቶ ከብዷል፤ ከቁስሉ ጋር ተጣብቋልና በውሃ እያራስኩ ነው ያላቀቅኩት። መዳፏን አቋርጦ የሄደ የስለት ቁስል ነው። ሰው ቢላ ሲሰነዘርበት እጁን ሲዘረጋ የሚያገኘው ዓይነት። ከንፈሯም አብጧል። «ጣቶችሽን እጠፊ» አልኳት በእንግሊዝኛ። አራቱ ታጠፉ። ትንሿ ጣት ቀጥ ብላ ቀረች። ጅማቱ ተቆርጧል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር በዚያው ሰሞን ካልተጠገነ ጅማቱ ይሸሻል፤ ጣቷ ዕድሜ ልኳን አትታጠፍም።

ቁስሉን ስነካው አመማትና «ወይኔ እናቴን!» አለች።

«አይዞሽ፣ አይዞሽ እህቴ» አልኳት። በአማርኛ። ማንኛችሁም ብትሆኑ የምትሉት ይህንኑ ነው።

ቀና አለች። መጀመሪያ ፊቴን፣ ቀጥላ ደረቴ ላይ የተንጠለጠለውን የስም ካርድ አየች። ስሜን እያነበበች ፊቷ አመድ ሲመስል አየሁት። በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ፣ «እባክሽን ሌላ ነርስ ጥሪልኝ። ማንም ይሁን። ሐበሻ ብቻ አይሁን» አለችኝ።

አልዋሻችሁም፣ ቆንጥጦኛል። ሐበሻ በሽተኛ እኔን ሲያገኝ እፎይ ሲል ነው የማውቀው። እናቶች እጄን ይዘው ይመርቁኝ ነበር። ግን በሽተኛ ሌላ ነርስ ከፈለገ ሌላ ነርስ ይመጣለታል፤ መብቱ ነው። ቁስሉን በጨርቅ ሸፍኜ፣ «እጅሽን ከፍ አድርገሽ ያዢ» ብዬ፣ አንዲት ፊሊፒናዊት ባልደረባዬን ልጠራ ወደ ውስጥ ገባሁ። ሥራ ላይ ነበረች። ጓንቷን እስክታወልቅ ጠበቅኳት። ይዣት ስወጣ ወንበሩ ባዶ ነው።

ዘበኛው «ወጣች» አለኝ። በቀሚስና በስስ ጃኬት ሆኜ አምቡላንስ እስከሚቆምበት ሮጥኩ። የለችም። ስመለስ መዝጋቢዋ ወረቀቱ ላይ «ሳይታይ ሄደ» ብላ ጽፋ ዘግታዋለች።

በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት። አላበቃም። በሳምንቱ እሁድ አዳምስ ሞርጋን 18ኛ ጎዳና ላይ ቡና ልጠጣ ገባሁ። ያኔ የሐበሻ ምግብ ቤት እዚያ ነበር የሚበዛው፤ ዩ ስትሪትና 9ኛ ጎዳና የመጡት በኋላ ነው። አጠገቤ ያለው ጠረጴዛ ላይ ወሬው ደርቷል። የእሷ ወሬ ነው። ስሟ፣ ያ የመታወቂያው ስም፣ ከነአባቷ አለ። የእገሌ ልጅ ናት ተብሏል። የት ትምህርት ቤት እንደተማረች ተነሥቷል። አሌክሳንድሪያ ያለችው አክስቷ ማን እንደሆነች የሚያውቅም ተገኝቷል። ከዚያ ላይ ያልሆነው ሁሉ ተጨምሮበታል። የሚያወራው ሰው እዚያ ሌሊት አልነበረም! ከማን ሰምቶ እንደሆነ እንጃ። ተነሥቼ ጠረጴዛቸው ድረስ ሄድኩና የሚገባቸውን ነገርኳቸው። «ይቅርታ ሲስተር» ብለው አቀረቀሩ። አክባሪዎች ናቸው። ግን ወሬው ወጥቷል። የአምስት ዶላር የስልክ ካርድ ገዝቶ ለአዲስ አበባ የደወለ እንደማይጠፋ እርግጠኛ ነኝ።

የሚቆጨኝ ምን መሰላችሁ? ይህ የስም ጥሪ ነገር እንዲቀር ከዚያ ሌሊት በፊት ለአለቆቻችን አቅርቤ ነበር። ያኔ የታዩኝ ትራንስጀንደሮች አልነበሩም። ባሎቻቸው የሚደበድቧቸው ሴቶች ነበሩ። ሴትዮዋ አምልጣ ትመጣለች፣ ባልዬው ተከትሏት መጠበቂያ ውስጥ ይቀመጣል፣ እኛ ስሟን ጮኸን እንጠራለን። ቁጥር ይሰጣቸው አልኩ። መልሱ «ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ቀጥሎ እናየዋለን» የሚል ነበር። ዓመቱ 1999 ነው። አገር ሁሉ 2000 ሲገባ ኮምፒዩተሮቹ ይበላሻሉ ተብሎ ተጨንቋል። ሆስፒታሉም ለኮምፒዩተር ሲጨነቅ የሰው ጉዳይ ቆየ። የፌዴራሉ የታካሚ ምስጢር ደንብ በ2003 ሥራ ላይ ሲውል ጊዜ የኛዎቹ ደነገጡና በጩኸት መጥራት ቀረ። የምትጠሩበት ስም የሚል መስመር ቅጹ ላይ የገባው ደግሞ ከዚያም ብዙ ቆይቶ ነው።

ያቺ ልጅ በሕይወት ካለች ዛሬ ሃምሳዎቹ ውስጥ ናት። ትንሿ ጣቷ የምትታጠፍ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ጥያቄው ልምጣ። «ቀጥሎ እናየዋለን።» የትራንስጀንደሮች ታሪክ በጌይ መብት ንቅናቄ ውስጥ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው።

«ለምን አብረው ይቆጠራሉ» ለምትለው፣ ከመጀመሪያውም በሩ ላይ የነበሩት እነሱ ስለሆኑ ነው። በኦገስት 1966 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ፣ ቴንደርሎይን በሚባለው የድሃ ሰፈር፣ ኮምፕተንስ ካፍቴሪያ የሚባል ሌሊቱን ሙሉ ክፍት የሆነ ቤት ነበር። ፖሊስ እዚያ ከነበሩት ትራንስጀንደሮች አንዷን ሊይዝ ሲጎትታት ቡናዋን ፊቱ ላይ ደፋችበት። ስኒና ወንበር ተወረወረ፤ መስኮት ተሰበረ። ስሙ ከገነነው ከስቶንዎል አመፅ ሦስት ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው። በጁን 1969 ደግሞ ኒው ዮርክ ክሪስቶፈር ጎዳና ላይ ፖሊስ ስቶንዎል ኢን የሚባለውን መጠጥ ቤት ሲወር ሕዝቡ እምቢ አለ። በዚያ ሰሞን ከታገሉት መካከል ዛሬ የትራንስጀንደሮች ትግል ፈር ቀዳጅ ተብላ የምትታወሰው ማርሻ ፒ. ጆንሰን ነበረች። እሷና ሲልቪያ ሪቬራ በ1970 ስታር የሚባል ማኅበር አቋቁመው፣ ከቤት የተባረሩ ልጆችን ቤት ተከራይተው ያስጠልሉ ነበር። ራሳቸውም የሚበሉት ሳይኖራቸው።

የዚያን ዘመን ፖሊስ ጌይ ነህ ወይስ ትራንስ ብሎ አልለየም። ወንድ የሴት ልብስ ለብሶ ከተገኘ ይታሠራል። ዛሬም መንገድ ላይ የሚማታው ወሮበላ ጌይ ነው ትራንስ ነው ብሎ አይመርጥም። አረማመዷን አይቶ ነው የሚመታት። ለየብቻ ቢታገሉ የምትለኝ ልጄ፣ የሚመታው ሰው ለየብቻ አይመታም።

ታዲያ በ1973 ምን ሆነ? ኒው ዮርክ፣ ዋሽንግተን ስኩዌር ፓርክ ላይ የስቶንዎል መታሰቢያ ሰልፍ ነበር። ሲልቪያ ሪቬራ ተጋፍታ መድረክ ላይ ወጣች። እስር ቤት ውስጥ ስለሚደበደቡትና ስለሚደፈሩት ልትናገር ነው። የገዛ ወገኖቿ ጮኹባት፣ አፏጩባት። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ከትግሉ ርቃ ቆየች። የኒው ዮርክ ከተማ የጌይ መብት ሕግ በ1986 ሲወጣ ትራንስጀንደሮች የሉበትም። የተጨመሩት በ2002 ነው። ሲልቪያ በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ሞተች። አልጋዋ ላይ ሆና እንኳ የክፍለ ግዛቱን ሕግ ከሚያረቅቁት ጋር «እኛንም አስገቡን» እያለች ስትከራከር ነበር። አላስገቧቸውም። ሕጉ በዲሴምበር 2002 ያለ እነሱ ጸደቀ። የእነሱ የወጣው በጃንዩዋሪ 2019 ነው። 16 ዓመት «ቀጥሎ» ተባሉ።

2007 ደግሞ የባሰ ነው፤ እኔ ራሴ የተከታተልኩት ስለሆነ ያናድደኛል። በሥራ ቦታ መድልዎን የሚከለክል የፌዴራል ረቂቅ ነበር። ባርኒ ፍራንክ የሚባለው የምክር ቤት አባል፣ ራሱ ጌይ ነው፣ ትራንስጀንደሮች ካሉበት ድምፅ አይበቃንም ብሎ አወጣቸው። ሂዩማን ራይትስ ካምፔይን፣ የአገሪቱ ትልቁ የጌይ መብት ድርጅት፣ የተቆረጠውን ረቂቅ ደገፈ። በተቃራኒው ከ300 በላይ ድርጅቶች «ሁላችንም ወይም ማናችንም» ብለው ቆሙ። ረቂቁ በኖቬምበር 235 ለ184 አለፈ። ከዚያስ? ሴኔቱ ዘንድ ሳይነካ ቀረ። እነሱን ጥለው ሄዱ፤ ግን የትም አልደረሱም። በ2014 የድርጅቱ ፕሬዚዳንት ቻድ ግሪፈን አትላንታ ላይ በትራንስጀንደሮች ጉባኤ ፊት ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ።

አሁን ያቺን የትሪያጅ ሕግ አስታውሱ። የባሰበት ይቀድማል። ማን ነበር የባሰበት? ሥራ የማይሰጠው፣ ቤት የማያከራዩት፣ መንገድ ላይ የሚገደለው ማን ነበር? በኦገስት 2002 እዚሁ ዲሲ፣ ታይራ በተጋጨችበት በዚያው ሰፈር፣ ዩኬያ ዴቪስና ስቴፋኒ ቶማስ የሚባሉ ሁለት ጓደኛሞች መኪና ውስጥ እንደተቀመጡ በጥይት ተገደሉ። አንዷ 18፣ አንዷ 19 ዓመቷ ነበር። ንቅናቄው ትሪያጁን ገልብጦ ነው የሠራው። ሻል ያለውን አስቀድሞ ደሙ የሚፈሰውን አስቆየ። እኔ እንዲህ ብሠራ ፈቃዴን ይቀሙኝ ነበር።

በነገራችን ላይ ፍርድ ቤቱ ከንቅናቄው የተሻለ ገብቶታል። በጁን 2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሦስት መዝገቦችን አንድ ላይ ወሰነ። ሁለቱ ጌይ በመሆናቸው ከሥራ የተባረሩ ወንዶች ናቸው። ሦስተኛዋ ኤሚ ስቲቨንስ ናት፤ ሚሺጋን ውስጥ የቀብር አስፈጻሚ ቤት ሠራተኛ ሆና፣ ከእንግዲህ ሴት ሆኜ ነው የምመጣው ብላ ደብዳቤ ስትጽፍ ተባረረች። 6 ለ3 ተፈረደ። በጾታው ምክንያት ሰውን ማባረር ክልክል ከሆነ ሦስቱም በዚያው ሕግ ይጠበቃሉ ተባለ። ያ ሁሉ ዓመት ይነጣጠሉ ሲባሉ የኖሩት በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት። ኤሚ ፍርዱን አልሰማችም። ከወር በፊት ሞታለች።

ዛሬ ደግሞ ከጌይ ወንዶችም ከሌዝቢያን ሴቶችም መካከል ሌዝቢያን፣ ጌይ፣ ባይሴክሹዋልና ትራንስጀንደር ተብሎ ከሚፈታው ኤልጂቢቲ (LGBT) ከሚለው ስም ውስጥ ቲ የምትባለዋን የትራንስጀንደሮች ፊደል አውጧት የሚሉ አሉ። ቀለበት አጥልቀዋል፣ ቤት ገዝተዋል፤ ከ2015 ጀምሮ ጋብቻቸው በአገሪቱ ሁሉ ሕጋዊ ነው። እሰይ፣ ደስ ይበላቸው። በፌብሩዋሪ 2025 መንግሥት የስቶንዎልን ብሔራዊ ሐውልት ድረ ገጽ ሲያስተካክል ቲ የምትለዋን ፊደል ነቅሎ ጣላት። ስቶንዎልን ያለ ትራንስጀንደር! እዚያው ክሪስቶፈር ፓርክ ተሰልፈው የተቃወሙት ግን ቲዎቹ ብቻ አልነበሩም። ይህ ትንሽ ደስ አሰኝቶኛል።

ስለ መታየት ደግሞ ልናገር፤ እዚህ ላይ ራሴን ብቃረን ታገሡኝ።

እናንተ ልጆች መታየት ሲባል ካሜራ ይመስላችኋል። ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ ላይክ። ታማሚ አጠገባችሁ ሆኖ ስልካችሁን የምትነካኩ ነርሶች አይቻለሁ፤ ቢቻለኝ ስልኩን ሽንት ቤት እጨምረው ነበር። ግን መታየት ከንቱ ነው ልል አልችልም። በ1998 ማብቂያ ምን ሆነ? በኦክቶበር ማቲው ሼፐርድ የሚባል ጌይ ተማሪ ዋዮሚንግ ውስጥ ተደብድቦ ሞተ፤ ዓለም ሁሉ አለቀሰለት፤ በ2009 ፕሬዚዳንት ኦባማ የፈረሙት የጥላቻ ወንጀል ሕግ በእሱና ዘረኞች በገደሉት ጥቁር አሜሪካዊ በጄምስ በርድ ስም ተሰየመ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ሪታ ሄስተር የምትባል ጥቁር ትራንስጀንደር ቦስተን ውስጥ ቤቷ ተወግታ ሞተች። የገዛ ከተማዋ ጋዜጦች እንኳ በወንድ ስሟ ነበር የጻፏት። ወዳጆቿ ሻማ አብርተው ወጡ። ከዚያ በኋላ ኖቬምበር 20 የተገደሉ ትራንስጀንደሮች መታሰቢያ ቀን ሆነ። በ2009 ደግሞ አንዲት ሚሺጋናዊት፣ «ሞተን ብቻ ነው እንዴ የምንታወሰው?» በሚል ስሜት ማርች 31ን የመታየት ቀን አደረገችው። ሪታን ያሰቡት ስለታዩ ነው ሞቷ ተረስቶ ያልቀረው። የ2009ኙ ሕግም ትራንስጀንደሮችን ይጨምራል። ስለዚህ ታዩ እላለሁ።

ደግሞ አትታዩ እላለሁ። ለኛ ልጆች ነው የምለው። አገር ቤት በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚደረግን ግንኙነት የሚያስቀጣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 አለ። በ2023 ሰዎች ፎቷቸውና ስማቸው ቲክቶክ ላይ ወጥቶ ተሳድደዋል። በዚያው ዓመት ኦገስት የአዲስ አበባ ፖሊስ ሆቴሎችና መዝናኛ ቤቶች ላይ ዘመቻ ጀምሮ ሕዝቡ እንዲጠቁም ጠየቀ። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ የተነሣችሁት ፎቶ እዚያ ያለች እህታችሁን ሊያስደበድብ ይችላል። እዚያ ያሉት እርስ በርስ «ዜጋ» ተባብለው የሚጠራሩት ለፋሽን አይደለም፤ በጆሮ ጠቢ መሐል ለመተዋወቅ ነው። ታዩ ወይስ አትታዩ? ያን የሚወስነው የሚታየው ሰው ራሱ ነው። ያ 18ኛ ጎዳና የሰማሁት ወሬ በአንድ ጠረጴዛ ነበር የሚዞረው። እናንተ «ሼር» ስትሉት አገር ያዳርሳል።

እንዲያም ሆኖ ከኛ ትውልድ ትሻላላችሁ። እኛ ይህን ቃል አፋችን ላይ አናመጣውም ነበር። ይህቺ ተማሪ ግን ለአንዲት አሮጊት በግልጽ ጻፈችልኝ።

«ምን አገባኝ» ላልሽው፣ ልጄ፣ በሥራሽ ላይ የሚያገባሽን ልንገርሽ። አክብሪ፣ አትሳቂ ብዬ አልነግርሽም፤ እሱን እናትሽ አስተምራሻለች። ስም ከመጥራትሽ በፊት «ማን ብዬ ልጥራሽ?» ብለሽ ጠይቂ፤ መታወቂያው ለመዝገቡና ለኢንሹራንስ ነው። የማይመለከተውን የሰውነት ክፍል አትጠይቂ። ጣቷ የተቆረጠ ሰው ስለ ጣቷ ነው የምትጠየቀው። ሐበሻ ከሆነች ደግሞ በአማርኛ አነጋግሪኝ እስክትልሽ ድረስ ቆዪ። አስተርጓሚ ካስፈለጋት ከዚሁ ከተማ የሚመጣ ሰው አታምጪላት። በስልክ የሚያስተረጉሙት ብዙውን ጊዜ ሌላ ግዛት ናቸው፤ ብዙዎቹም ራሳቸውን በቁጥር ነው የሚያስተዋውቁት። አንቺም የእሷን ስም አትንገሪያቸው። ይህን ያኔ ባውቅ ብዬ አይደለም፤ ያኔ በቂ የስልክ አስተርጓሚም አልነበረም። ዛሬ ግን አለ።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ከሆስፒታል ውጭም ይጠይቁሻል። በሐበሻ ነርስ ላይ እምነት ካደረባቸው ሁሉን ይጠይቁሻል፤ ቤት፣ ሥራ፣ ወረቀት። ትራንስጀንደር በመሆን የሚደርስ ስደት ለጥገኝነት ምክንያት ሆኖ ተቀባይነት ሲያገኝ ኖሯል። በ1994 የያኔዋ የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጄኔት ሪኖ አንድ የኩባ ጌይ ያሸነፈበትን ውሳኔ ለሁሉም ዳኞች መመሪያ አድርገውት ነበር። ብዙዎቹ ግን ይህን አያውቁም። የሚያውቁትም ጠበቃው ቢሮ ሐበሻ ይኖራል ብለው ይፈራሉ፤ ሲፈሩ ይቆያሉ፤ ሲቆዩ ጊዜው ያልፋል። ደንቡ አሁን አሁን ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ አንቺ አትምከሪ፤ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋ ላኪ፣ ፈረንጅ ይሁን ካሉም ፈረንጅ ፈልጊላቸው። ይህን ብቻ ግን ዛሬውኑ ንገሪያቸው፦ ማመልከቻው በአንድ ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። ከዚያ ካለፈ በቂ ምክንያት ማቅረብ ይጠበቅባቸዋል። ዓመቱ የሚቆጠረውም አሜሪካ ከገቡበት ዕለት ጀምሮ ነው፤ ቪዛቸው ካለቀበት ቀን አይደለም።